የወፍ በሽታ መድኃኒት ይዤ ሐረር

ከሐረር ከተመለስኩ ወዲህ ደጄን የረገጠ ሰው ሁሉ ጅቡን አየሽው ወይ ይለኛል። አላየሁትም። ግንቡን አየሁ፣ በሮቹን አየሁ፣ ገበያውንም አየሁ፤ ለጅብ ግን ጊዜ አልነበረኝም። እኔ የሄድኩት ታናሽ እህቴን አስካለን ከሰው አገር ወደ ቤቷ፣ ወደ ደሴ ላመጣት ነው። ለእያንዳንዱ ጎረቤት ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ማውራት ስለሰለቸኝ፣ አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አስካለ ሐረር የገባችው አስተማሪ ባሏ እዚያ ሲመደብ ነው። ለሁለት ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ያ ሁለት ዓመት ልጅ ተወልዶበት፣ ልጅ አድጎበት፣ ባሏ ተቀብሮበትም እስከ ዛሬ አላለቀም። ባሏ ሲሞትማ ትመጣለች ብዬ ከግቢዬ ክፍሎች አንዷን ለማንም ሳላከራይ አስቀመጥኩላት። በስልክ ባወራን ቁጥር «ደሴ ናፈቀኝ እታለም» ትላለች። የጦሳ ተራራን ብርድ፣ የፒያሳን ዳገት፣ እናታችን የምትቆላውን ሽምብራ ሳይቀር ታነሳለች። እኔም ነይ እላታለሁ፤ እሷም እመጣለሁ ትላለች። እንዲህ ስንባባል አረጀን።

ዘንድሮ ልጇ ሰላም ደወለችልኝ። የእናቷ ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ገላዋን እያሳከካት እረፍት አጥታለች፣ ምግብ አይረጋላትም፣ ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷታል። ለወሎ ሰው ቢጫ ዓይን ማለት የወፍ በሽታ ነው፤ የወፍ በሽታ ደግሞ መርፌ አይወድም። መርፌ የተወጋ የወፍ በሽተኛ አያድርም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። «መርፌ እንዳታስነኪያት፣ መድኃኒቱን እኔው ይዤ እመጣለሁ» አልኳት። ከዚያም ስሙ የተጠራ ባለመድኃኒት ፍለጋ ገጠር ለገጠር ስዞር ሰነበትኩ።

የመጀመሪያው ቀን

ከደሴ መናኸሪያ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። መድኃኒቱ የተሰጠኝ በውሃ ፕላስቲክ ነበር። የቅጠልና የሥር ጭማቂ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባለመድኃኒቱ አይናገርም። በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ አንድ ፍንጃል ይጠጣል፤ ከጠጡ በኋላ ቅባትና መርፌ እርም ነው። ከሻንጣ ጋር አልጭነውም ብዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት።

ከሚሴ ሳንደርስ ክዳኑ ላላ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ለልጇ ምርቃት አዲስ አበባ የምትሄድ ነበረች፤ ነጭ ጋቢዋ ላይ ያ አረንጓዴ ነገር ፈሰሰባት። ሽታውስ ቢሆን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን ምን እንደሆነ ስነግራት የጋቢዋን ነገር ትታ ፕላስቲኩን ተቀበለችኝና ክዳኑን በፌስታል አጥብቃ አሰረችልኝ። ጋቢ ይታጠባል፣ ዋናው መድኃኒቱ እንዳይባክን ነው አለች። ቀጥላ የአጎቷ ልጅ በዚሁ በሽታ ታሞ መርፌ ቢወጉት ሳያነጋ እንደሞተ አጫወተችኝ። ይህን የሰሙ ከፊትም ከኋላም የየራሳቸውን ጨመሩ። ደብረ ሲና እስክንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ሐኪሟ እኔ ሆኜ ነበር።

መሐል ላይ፣ ሸዋሮቢት፣ ለፍተሻ ስንወርድ ፈታሹ ፕላስቲኩን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን ዞር አደረገ። የወፍ በሽታ መድኃኒት መሆኑን ስነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የባለመድኃኒቱን ስልክ ጠየቀኝ። አክስቱ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ሰጠሁት። ዛሬ ላይ ሆኜ ያቺ አክስት ምን ሆና ይሆን እያልኩ ይከነክነኛል።

አዲስ አበባ ያደርኩት መናኸሪያው አካባቢ ካለ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቲቱ ሳይበሉ አይተኙም ብላ ሽሮ አቀረበችልኝ፤ መድኃኒቱንም ከቢራው ጎን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ሆቴል ብሎ ነገር በማልወድበት ዕድሜዬ እንደ ዘመድ ቤት ነው ያደርኩት።

ሁለተኛው ቀን

የሐረሩ አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሹፌሩን መንገዱ ሰላም ነው ወይ ይለዋል። ሹፌሩም ትናንት ሰላም ነበር ብሎ ይመልሳል። በእኛም መስመር የምንባባለው ይህንኑ ስለሆነ እንግድነት አልተሰማኝም።

አዋሽን ካለፍን በኋላ ያለውን ሙቀት የደሴ ሰው ሊገምተው አይችልም። እኛ በነጠላ ላይ ፎጣ ስንደርብ እንኖራለን፤ እዚያ ደግሞ ልብስ ራሱ ሸክም ነው። ሚኤሶ አጠገብ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወርደን ግራር ሥር ተኮለኮልን። ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ሴት በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን ሳራግብ አየችኝና የተቀመጠችበትን በርጩማ ከሥሯ አውጥታ ሰጠችኝ። አማርኛ አትችልም፣ እኔም ኦሮምኛ አልችልም። ማንጎውን ልጣ አበላችኝ፤ ስጨርስ ከጀሪካኗ ውሃ አፍስሳ አስታጠበችኝ። ልከፍላት ብል እጄን መለሰችው።

ምሳ አሰበ ተፈሪ በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጣርማበርን ትዝ አሰኘኝ፤ ብርዱም መለስ አለ። ልዩነቱ እኛ ጤፍና ገብስ የምንዘራበትን ተዳፋት እዚያ ጫት አልብሶታል። ቁልቢ ስንደርስ ክርስቲያኑ ሁሉ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ አማተበ። እኔ ገብርኤልን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እህቴን ይዤ በዚሁ መንገድ ልመለስ።

ሐረር የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሰላም ከማዘጋጃ ቤት ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መናኸሪያ በር ላይ ቆማለች። በባጃጅ ወደ ሰፈራቸው ወደ አቦከር ወሰደችኝ። አስካለ ወንበር አውጥታ በራፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ በእርድ የታጠበ ይመስላል። ሳቅፋት እጄ ያገኘው አጥንት ብቻ ነው። ልጆች ሳለን ወፍራሟ እሷ፣ ቀጭኗ እኔ ነበርኩ፤ የኔን ዳቦ ጨምራ ስለምትበላ እናታችን ለየብቻ ነበር የምታቀርብልን።

አንገቴ ሥር ተወሽቃ ቆየችና «እታለም፣ ደሴ ደሴ ትሸቻለሽ» አለችኝ። የሸተታት በመንገድ የፈሰሰው መድኃኒት ነው። ወዲያው አፌ አላርፍ ብሎ ልወስዳት እንደመጣሁ፣ ክፍሏም ኖራ ተቀብቶ እንደሚጠብቃት ነገርኳት። ሳቀችና መጀመሪያ እራትሽን ብዪ አለች። እኛ ስንበላ እሷ ክንዷን በማበጠሪያ ጀርባ ታክ ነበር፤ ጥፍሯ ገላዋን ስለሚያቆስላት ነው።

ሦስተኛው ቀን

በማለዳ ፍንጃሉን አጥቤ፣ መድኃኒቱን ነቅንቄ ቀረብኩ። ሰላም መሐላችን ገባች። ለካ እኔ ሳላውቅ እናቷን ሆስፒታል ወስዳ አልትራሳውንድ አስነስታታለች። የሐሞት ከረጢቷ ላይ ጥሩ ያልሆነ ነገር ታይቷል። ሐኪሟ ሲቲ ስካን ስታዝ፣ ለእሱ ደም ሥር ላይ መርፌ ያስፈልጋል ሲባል፣ አስካለ ብድግ ብላ ቤቷ ገባች። መርፌ እንዳትነካ ብሎ በስልክ ያዘዘው ማን ሆነና? እኔ ባለመድኃኒት ለባለመድኃኒት ስዞር፣ እሷ የኔን ፕላስቲክ ስትጠብቅ፣ ሳምንታት አልፈዋል።

ነገሩ እየጋለ ሳለ አዴ ዘይነባ ገቡ። አዴ የሚሉት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ በየጠዋቱ በቡና ቅጠል የተፈላ ሻይ ይዘውላት ይመጣሉ። እኔን ሲያዩ ስሜን ጠርተው ሳሙኝ፤ የልጅነት አመሌን ሁሉ ያውቁታል። ሁለታችንንም ካዳመጡ በኋላ ሶፊ በምትባል ገጠር ያለች የእህታቸው ልጅ እንዲሁ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ቅጠል ስታፈራርቅ እንደቆየች፣ ሐኪም ቤት የደረሰችውም ኢናሊላሂ ሊባልላት ሲቃረብ እንደሆነ ነገሩን። «አብሽሪ፣ መድኃኒትሽ የትም አይሄድም» አሉኝ። «ሐኪሟን ስሚያት፣ ከዚያ ብታጠጪያት ምን ይቀርብሻል?» አይዞሽ ለማለት አብሽር የምንለውን ቃል የወሎ ብቻ አድርጌ ነበር የማውቀው። ተናድጄም ቢሆን ተነሳሁ፤ ፕላስቲኩን ግን ይዤው ሄድኩ።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። አስካለን ስለ ሽንቷ ጠየቀቻት፤ እንደ ወፍራም ሻይ ነው። ዓይነ ምድርስ? እንደ ኖራ ነጥቷል። የቆየ ሕመም አለብዎት ወይ ስትላት አስካለ ጨጓራ ነው አለች። ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? ሐኪሟ ግን አልተወቻትም። ሕመሙ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ነው ወይ? ቅቤ የበዛበት ወጥ ሲበሉ ይነሳል ወይ? ወደ ትከሻ ይወጣል ወይ? ሁሉንም አዎ አለች፤ ለዓመታት። ያ ጨጓራ የሐሞት ጠጠር ነበር።

ከዚያ ለሦስታችን እንዲህ ብላ አስረዳችን። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ከጉበት ሥር ያለች ትንሽ ከረጢት ታጠራቅመዋለች፤ ቅባት ስንበላ በቀጭን ቧንቧ ወደ አንጀት ትለቀዋለች። ቧንቧው ሲደፈን ሐሞቱ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዓይን ቢጫ የሚሆነው፣ ገላ የሚያሳክከው፣ ሽንት የሚጠቁረው ለዚህ ነው። የወፍ በሽታ የምንለው አንድ በሽታ አይደለም፤ ቢጫነት ምልክት ነው። አንዳንዱ ጉበት በቫይረስ ሲቆጣ የሚመጣ ነው፤ ያ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ ቅጠል የጠጣ ሰውም ቅጠሉ ያዳነው ይመስለዋል። የተደፈነ ቧንቧ ግን በቅጠል አይከፈትም።

እኔ መቼ ዋዛ ነኝ። ፕላስቲኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና፣ መርፌ የሚገድላቸውስ? አልኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ሰዎቹ ያዩትን ነው ያወሩት አለች። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ሰውነት ደም የሚያረጋውን ቫይታሚን ከምግብ መውሰድ ያቅተዋል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲወጋ የተወጋበት ቦታ ይደማል፣ አልቆም ይላል። በሽተኛው የሚሞተው ግን በመርፌው ሳይሆን በሽታው ሳይታወቅ በመቆየቱ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ የምትሰጣት መርፌ ያንኑ ቫይታሚን የሆነው። የኔን መድኃኒት በተመለከተ፣ የአስካለ ጉበት ተጨንቋል፣ ሌላ ሸክም አትጨምሩበት አለች።

ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ አስካለ እጅጌዋን አልሰበሰበችም። ወደ ሐኪሟም ወደ ልጇም አላየችም።

«እታለም፣ ልወጋ?» አለችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ያ ሁሉ ተሳፋሪ የነገረኝ ታሪክ ጆሮዬ ላይ ነበር። እምቢ ብላት እሺ ትላለች፤ እሺ ብላትና ብትሞትብኝ የገደልኳት እኔ ነኝ። «ተወጊ» አልኳት።

የተወጋችበትን ቦታ በጥጥ ተጭኜ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ለነርሷም አልለቀቅኩም። ጥቂት ደማና ቆመ። ማታ እራት ላይ ሕይወት ኖሯት ስታሾፍብኝ፣ ፕላስቲኩን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩና ግንቡ ሥር ደፋሁት። ስደፋው አለቀስኩ። ከደሴ ያመጣሁላት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

አራተኛው ቀን

ከመርፌው በኋላ የተነሳችው የሲቲ ስካን ውጤት ደረሰ። እኔና ሰላም ቀድመን ኮሪደር ላይ ሐኪሟን ያዝናትና፣ ክፉ ከሆነ ለእኛ ብቻ ንገሪን አልናት። አገራችን ውስጥ ማን ነው ለታማሚ ካንሰር ነው ብሎ የሚናገር? ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ እሷን ልጠይቃት ብላ ገባች። ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ ስትላት አስካለ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ይንገሩኝ። ይህቺ ሴትዮ ሁለት ቀን መንገድ የመጣችው ለጉንፋን አይደለም።»

ነገረቻት። ካንሰሩ የተነሳው ከሐሞት ከረጢት ነው። ጠጠር ያለበት ሰው ሁሉ ካንሰር አይዘውም፤ አብዛኛው አይዘውም። ግን ጠጠር ለዓመታት የከረጢቱን ግድግዳ ሲፈትግ ከቆየ፣ በአንዳንዱ ሰው፣ በተለይም በሴቶች፣ ወደዚህ ይለወጣል። ሲጀምር ድምፅ የለውም። ከረጢቱ ውስጥ ሳለ ቢገኝ ከረጢቱንና ከጉበቱ ጥቂት ቆርጦ ማውጣት ይቻል ነበር፤ እንዲያ የዳኑ አሉ። የአስካለ ግን ጉበቷንም ቧንቧውንም ይዟል፤ ቢቆረጥም ሁሉም አይወጣም።

አስካለ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ስታስተካክል ቆየችና፣ ታዲያ ምን ማድረግ ትችያለሽ አለቻት። ሐኪሟ ሦስት ነገር አለች። አንደኛው አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፤ በአፍ በሚገባ ካሜራ ቧንቧው ውስጥ ትንሽ ቱቦ ያስቀምጣሉ፣ ሐሞቱ ይወርዳል። ማሳከኩ ይለቃል፣ ዓይን ይጠራል፣ ምግብም ይጥማል። ካንሰሩ ግን እዚያው ነው። ቀጥሎ ኬሞ አለ። ኬሞው አይነቅለውም፣ ፍጥነቱን ይይዘዋል፤ እሱን ሐረርም መውሰድ ይቻላል። ሕመምን ደግሞ ጥርስ ነክሶ መቻል የለም፤ መድኃኒት አለው፣ ሲብስ ከፍ ይደረጋል። ከቱቦው በኋላ ብርድ ብርድ ካላትና ካተኮሳት፣ ቱቦው ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ስንት ጊዜ አለኝ ስትላት፣ ወራት ነው፣ ስንት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ የማላውቀውን አልነግርዎትም አለች።

ባጃጅ ውስጥ ሰላም ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ታለቅሳለች። እኔ ግን እንደ ልማዴ ሥራ ጀመርኩ፦ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ወደ ደሴ ነው፣ የቀረንን ጊዜ አብረን እንበላዋለን፣ ሰላምም ፈቃድ ታራዝም። አስካለ እጄን መታ መታ አደረገችኝና፣ መጀመሪያ ዓይኔ ይጥራ አለች። እሺ ያለችኝ መሰለኝ።

አምስተኛው ቀን

ለመንገድ የሚሆን ነገር ልንገዛ ከአዴ ዘይነባ ጋር ጀጎል ገባን። ጀጎል በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ናት። መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍበት ቦታ አለ፤ ግድግዳው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ተቀብቷል። ደሴ ላይ ቤት የሚቀባው ለሠርግ ወይም ለእንግዳ ነው፤ እዚያ ግን ሰዉ ሁልጊዜ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል።

ብንሄድ ብንሄድ አላልቅ አለን፤ ምክንያቱም የማያስቆመን የለም። ቅመም ሻጯ አስካለስ ትላለች። ፈቲራ የሚጋግረው ሰውዬ እንቁላል ያለበትን አጥፎ ሰጠንና፣ ለእሷ ዘይት ያልነካው ብሎ ለብቻ ሌላ ጠቀለለ። ባሏ ያስተማራቸው ሽበታም ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው አላህ አፊያዋን ይመልስላት ይላሉ። ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መንገድ አንዱ ከስፌት መኪናው ተነሳና በጋዜጣ የተጠቀለለ ልብስ አሸከመኝ። የአስካለ ቀሚሶች ናቸው፤ ከከሳች ወዲህ ሁለት ጊዜ አጥብቦላታል። ሁለተኛው ላይ ሐኪም ሳታይ ሦስተኛ አላጠብብልሽም ብሏት ነበር አሉ።

ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል። እኔ ክፍሏን ዘግቼ ስጠብቃት እነዚህ ሰዎች ከእሷ ጋር ኖረዋል። አዴ ዘይነባ ዝምታዬን አይተው ይሁን እንጃ፣ ስንመለስ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠውኝ ሐብሐብ ቆረሱልኝ። ልትወስጃት ነው አሉኝ። አዎ አልኩ። እህትሽ ናት፣ ሐቅሽ ነው አሉና ከሐብሐቡ ፍሬ ሲለቅሙ ቆዩ። በኋላ ግን በፎጣቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ማታ ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ጠበል ይዘው መጡ፤ ሙስሊሞቹ ቁጭ ብለው ዱዓ አደረጉ። እንዲህ ያለው ለእኛ ለወሎዎች አዲስ አይደለም። ስለዚህ ነው ይበልጥ የከፋኝ፤ ቤቷ ውስጥ የጎደለ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ስድስተኛው ቀንና ከዚያ በኋላ

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አስካለን መስኮት ጋ አስቀመጥናት። ከሐረር በላይ ያለው ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ከዓይኗ እስኪሰወር አንገቷን አዙራ አየችው። ደሴን ስትለቅ እንዲህ አላየቻትም፤ ያን ቀን ሙሽራ ስለነበረች ባሏን ነበር የምታየው። በየማረፊያው ሰላም አጃ ታጠጣታለች፣ እኔ ጀርባዋን አክላታለሁ። ሹፌሩ ሳንጠይቀው ቀስ እያለ ነዳልን።

ቱቦውን ከማስገባታቸው በፊት ደሟን አይተው ያንኑ ቫይታሚን ደገሙላት። ሥራው ራሱ ብዙ አልቆየም፤ የቆየው የኛ ጭንቀት ነው። ስትነቃ ጉሮሮዬን አለች እንጂ ሌላ አላለችም። ከዚያ በየቀኑ የሆነውን በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። መጀመሪያ ማሳከኩ ተዋት፤ ማበጠሪያው ለፀጉሯ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ሽንቷ ነጣ። ዓይኗም ቀስ እያለ እየጠራ ሄዶ አንድ ጠዋት መስተዋት ሰጥቻት ራሷን ስታይ ሁለታችንም ሳቅን። በሽታው እንዳለ እናውቃለን። ግን የማውቃትን እህቴን ፊት አገኘሁት።

ምግብ በጣማት ማግስት ማማረር ጀመረች። የአዲስ አበባ ፓፓያ ውሃ ውሃ ይላል። ዳቦው ጣፋጭ ነው። ጠዋት ጠዋት ለአዴ ዘይነባ ትደውልና የሎሚው ዛፍ ውሃ ጠጣ ወይ፣ የማኅበሩ ዝክር ማን ቤት ነው፣ ልብስ ሰፊው ሚስቱ ወለደች ወይ ትላለች። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ከሆስፒታሉ ልንወጣ ስንል ማንንም ሳልጠይቅ ለደሴ ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ፤ ሰላም ሥራዋን አስተካክላ ትከተለናለች ብዬ።

ቲኬቱን ሳሳያት ተቀብላ አየችውና አጠገቧ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እታለም፣ ሐረር ቁጭ ብዬ ደሴን ስናፍቅ ነው የኖርኩት። አሁን ደሴ ብሄድ ደግሞ ሐረርን ስናፍቅ ልሞት ነው። የደሴን ናፍቆት ለምጄዋለሁ፤ አዲስ ናፍቆት ለመልመድ ጊዜ የለኝም።»

ተናደድኩ። ክፍሉስ አልኩ፤ የእናታችን መቃብርስ አልኩ። ባሌም እዚያ ነው፣ ልጄም እዚያ ናት፣ ኬሞውም እዚያው ይሰጠኛል አለች። እኔስ? አልኳት በመጨረሻ። ድምፄ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ነው የወጣው። ጭንቅላቴን ወደ ደረቷ ሳበችው። ታላቋ እኔ ነኝ፣ ታማሚዋ እሷ ናት፤ ያባበለችኝ ግን እሷ ናት። አንቺማ እኔን መናፈቅ ከማንም በላይ ትችይበታለሽ አለችኝ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

በነጋታው እነሱን አስቀድሜ የሐረር አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳቸው። አስካለ በመስኮት እጇን አውጥታ ጉንጬን ያዘችኝ፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጇ ለቀቀኝ። እኔም የራሴን፣ የደሴውን፣ ፈልጌ ወጣሁ፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከኋላ የቆመ አንድ ሰው ልቀመጥበት ቢል ረዳቱ ቲኬት የተቆረጠበት ነው አለው። ቀረብ ብሎም የዚህ ወንበር ሰው የታለች ሲል ጠየቀኝ።

«አገሯ ገባች» አልኩት።